ዱባ ያጠብንበት ሳምንት

እህቴ ልታገባ ሁለት ወር ሲቀራት፣ የእጮኛዋ አክስት ቤታችንን ሊያዩ ከባሕር ዳር እንደሚመጡ ተነገረን። እጮኛዋን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ረጅም ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀልድ የማይወዱ ሴት መሆናቸውን ሰምተናል። አራት ቀን እኛው ቤት ያርፋሉ። እናቴ በስልክ ስታነጋግራቸው አጠገቧ ተቀምጬ ምሳዬን እበላ ስለነበር ጉዱ እንዴት እንደተጀመረ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምግብ ተነጋገሩ። ቀጥለው እንግዳችን ስዊድን ስላለችው ልጃቸው አነሡ። ልጅቷ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ሕፃኑን ስታጥበው በቪዲዮ ይገናኛሉ፤ እሳቸው ባሕር ዳር ሆነው ያዛሉ፣ እሷ እዚያ ሆና ታጥባለች። ሕፃኑ ከተወለደ ወዲህ አንድም ቀን አምልጧቸው አያውቅም። አቃቂ ሲመጡ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሆን አሳስቧቸዋል።

እናቴ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ፣ "በዚህስ አይጨነቁ እትዬ፤ የኛ ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል የለም" አለቻቸው።

የማይደርስበት ክፍል እንዳለ ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይባስ ብሎ ያ ክፍል እንግዳዋ የሚያርፉበት ነው።

ቤታችን አቃቂ በሰቃ ነው። ፊት ለፊት ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል አለን፤ ከጓሮ ደግሞ በብሎኬት የተሠራች፣ የብረት በር ያላት አንዲት ሰርቪስ አለች። ተከራይዋ በቅርቡ ለቆ ስለነበር እናቴ ለእንግዳዋ ብላ ቀለም አስቀብታ፣ አዲስ መጋረጃ ሰቅላ አሳምራታለች። ራውተሩ ያለው ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነው። አቧራ እንዳይበላው ብላ እናቴ በዳንቴል ሸፍነዋለች። ከዳንቴሉ ሥር ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ያ ሁሉ ኢንተርኔት ከዚያ ተነሥቶ ወጥ ቤቱን፣ ጓሮውንና ትልቁን የውሃ ታንከር አልፎ ሰርቪስ መድረስ ነበረበት።

እህቴ የእናቴን ተስፋ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ወዲያው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው ጋ ደወለች። ሰውየው ቤቱን ሳያይ፣ ኔትወርክ የሚያሰፋ ሌላ ሣጥን መገዛት እንዳለበትና መጥቶ እንደሚገጥም ነገራት። የሠርግ ወጪ ከፊታችን ተደቅኖ ነበርና እኔና እናቴ ዝም አልን። ዝም ያላለው አባቴ ነው።

"ጉድለቱ የቱ ጋ እንዳለ ሳይታወቅ ዕቃ አይገዛም" አለ። "እኛው እንፈትሸዋለን።"

አባቴን እዚህ ላይ ማስተዋወቅ አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ከማሽን የወጣው ጨርቅ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ሲያልፍ፣ የተበጠሰ ክር ባየበት ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ሥራው ያ ነው። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሚመረምረው ነገር አጥቶ ሲቸገር እናየዋለን። ዳቦ ሲገዛ አገላብጦ ያየዋል። መንገድ ላይ የሰው ኮት ስፌት ጠማማ ከሆነ ዞር ብሎ ይከተለዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይተኛል፤ በሥራ ዘመኑ ቀን ተኝቶ የማያውቅ ሰው። የዚያን ዕለት ግን ተነሥቶ የድሮ የሥራ ካፖርቱን ከቁም ሣጥን አወጣ። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ጠመኔ ነበረች።

ፈተናው የተደረገው ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ቃሊቲ ካለው የመጋዘን ቢሮዬ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያሉን መሣሪያዎች ሁለት ስልኮች፣ አንዲት ሙሽራና ያቺ ጠመኔ ነበሩ። እህቴ ራውተሩ አጠገብ ተቀምጣ በቪዲዮ ደወለችልኝና ከአንድ እስከ መቶ ትቆጥር ጀመር። እኔ ስልኩን ይዤ በዝግታ እሄዳለሁ፤ አባቴ ከኋላዬ እየተከተለ ያዳምጣል። ቁጥር ከዘለለ "ቁም" ይለኛል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን እንደገና እንሰማለን። አሁንም ከዘለለ ግድግዳው ላይ መስቀል ይሠራና ከሥሩ የወደቁትን ቁጥሮች ብዛት ይጽፋል።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆጠራው ምንም ሳይጎድል ደረሰን። የጓሮው በር ላይ ሦስት ወደቀ። ታንከሩ ጋ ስንደርስ እህቴ "ሠላሳ" ብላ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ ቀጥሎ የሰማነው ሃምሳ ስምንት ነው።

አባቴ፣ "ይቺ ናት" አለ በለሆሳስ። ድምፁን ስሰማ ፋብሪካው ውስጥ የተበጠሰ ክር ሲያገኝ እንዴት ይሆን እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ደስ ብሎት ነበር። ታንከሩ ላይ ትልቅ መስቀል ሠራ።

ሰርቪሷ ውስጥ አልጋው አጠገብ እህቴ ጭራሽ ጠፋች። መስኮቱ ሥር ስምንት ቁጥር ወደቀ። አባቴ ወንበር ላይ እንድወጣ አዘዘኝ። ወንበር ላይ ሆኜ ስልኩን ከመስኮቱ ትይዩ ስይዘው እህቴ በትክክል ቆጠረች፤ ግን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሴት ወንበር ላይ ቆመው የልጅ ልጅ ሲያዩ ለማሰብ ከበደን። እህቴ ድምፅዋ እየሰለለ ከመቶ ወደ አንድ ስንት ጊዜ እንደተመለሰች አላስታውስም። በመጨረሻ ሰልችቷት ቁጥሩን ትታ ወደ ሠርጉ የሚጠሩ ዘመዶችን መጥራት ጀመረች። አባቴ አስቆማት፤ "ዘመድ ቢጎድል በምን አውቃለሁ? ቁጥር ይሻላል" አላት።

እናቴ ከገበያ ተመልሳ አዲሱ ቀለሟ ላይ የተሰለፉትን መስቀሎች ስታይ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቴ ጠመኔ መሆኑን፣ በጨርቅ እንደሚጠረግ ነገራት። እሷም ወዲያው እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ነበርና መስቀሉ ከነቀለሙ ተነሣ፤ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ በመስቀል ቅርጽ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ማንም አልነካቸውም።

ቀጥሎ መፍትሔ ፍለጋ ተገባ። ራውተሩን ወደ ጓሮ ለማስጠጋት የስልኩ ገመድ አጠረ። ዳንቴሉን ብናነሣው ጥቂት ቁጥሮች ተመለሱ፤ እናቴ ከብዙ ክርክር በኋላ ዳንቴሉ ከራውተሩ በላይ መሆኑ ቀርቶ ከሥሩ እንዲነጠፍ ተስማማች። አባቴ ታንከሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሲል፣ እንግዳ እየመጣ ውሃ የሚደፋ ቤት አይታ እንደማታውቅ ነገረችው። ስለዚህ ታንከሩም እንዳለ ቀረ። የቀረው አልጋው ነበር። አባቴ በስልኩ እየተመራ አልጋውን በጥቂት በጥቂቱ ሲያስገፋኝ ቆይቶ፣ ራስጌው መስኮቱ ሥር፣ ግርጌው ደግሞ ወደ በሩ ጥግ ሆኖ ክፍሉን ለሁለት ሰያፍ እንደቆረጠ "በቃ" አለ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ መቶውንም ሰማሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ ሰው እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ሲተኛ ዕቃ ሲጭኑ የተዘነጋ እንጂ የተከበረ እንግዳ እንደማይመስል ተናገረች። አባቴ ቁጥሩን ነገራት።

እዚህ ላይ ቢበቃን ጥሩ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ግን አባቴ ቁርስ ላይ አዲስ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ቆጠራ ድምፅን እንጂ ምስልን አይፈትሽም አለ። ሰው ቁጭ ብሎ ሲቆጥር የሚንቀሳቀሰው ከንፈሩ ብቻ ነው። እንግዳዋ የሚያዩት ግን የሚንቦጫረቅ ውሃ፣ የሚወራጭ ልጅ፣ የሳሙና አረፋ ነው። መፈተን ያለበት ያ ነው።

"ታዲያ ሕፃን ከየት ይምጣ?" አለች እህቴ።

አባቴ ወጥ ቤት ገብቶ ለረቡዕ ወጥ የተገዛውን ዱባ ይዞ መጣ። ሞላላ ነው፣ አንዱ ጫፉ ጠበብ ይላል። በሁለት እጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነውና፣ "ሦስት ወር ይሆናል" አለ።

እህቴ መጀመሪያ እምቢ አለች። ከዚያ ይህ ሁሉ ለማን ሲባል እንደሚደረግ እናቴ ስታስታውሳት እጅጌዋን ሰበሰበች። ሳሎን ወለሉ ላይ ሳፋ ተቀመጠ፣ ለብ ያለ ውሃ ተደረገ፣ ፎጣ ተዘረጋ። እናቴ ስልኩን ያዘች። እኔና አባቴ ሰርቪስ ገብተን አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማየት ጀመርን።

እውነቱን ለመናገር ምስሉ ግሩም ነበር። ችግሩ እህቴ ዱባውን እንደ ዕቃ ማገላበጧ ነበር። እናቴ ይህን ልታይ አልቻለችም፤ ሁለት ልጅ አሳድጋለች። በስልኩ ውስጥ፣ አንገቱን በክንዷ እንድትደግፍ፣ ሳሙና ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ስታዛት እንሰማለን። አባቴ ደግሞ ከዚህ ወገን ፊቱ እንደማይታየው፣ ወደ እሱ እንድታዞረው ይጮኻል። ቀስ በቀስ እህቴም ገባችበት። ዱባውን እያጠበች እሽሩሩ ማለት ጀመረች። ጠበብ ያለውን ጫፍ በፎጣ አድርቃ ትከሻዋ ላይ አስተኛችው፤ እናቴም ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት።

በዚህ መሐል ነው ጎረቤታችን የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ የገባችው። ይህች ሴት የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት፤ እኔንም እህቴንም አዝላናለች። ሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ያየችውን አየች፤ ሙሽራዋ ዱባ አቅፋ ታዜማለች፣ እናት ታለማምዳታለች፣ ከጓሮ ደግሞ የአባትየው ድምፅ "እስቲ ፊቱን ልየው" ይላል። ጎረቤታችን ወንፊቱን በሩ ላይ አስደግፋ ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። እኛ እንደመጣች እንኳን ያወቅነው ወንፊቱን ስናገኝ ነው።

በማግስቱ ነገሩ ግራ ያጋባን ጀመር። የሰፈሩ ሴቶች እህቴን ሰላም ሲሏት መጀመሪያ ወገቧን ነበር የሚያዩት። ሱቅ የሄደች ጊዜ ባለሱቋ ሴትዮ ዘይቱን አላሸክምም ብላ እዚህ ድረስ አመጣችላት። ታክሲ ተራ ላይ አንዲት እናት አጥብቀው አቅፈዋት፣ እግዜር በሰላም እንዲገላግላት መረቋት። እህቴ ከሠርጉ ጣጣ ማለታቸው መስሏት አሜን ብላ መጣች።

ሐሙስ እንግዳችን ገቡ። ቃሊቲ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሻንጣቸውን እኔ ስይዝላቸው እጀታውን በትክክል መያዜን አይተው ነው የለቀቁልኝ። ቤት ገብተው፣ ተስተናግደው፣ ሳሎን ቁጭ ብለን ገና ስለ መንገዱ እያወሩልን ሳለ ጎረቤታችን በሳህን የተሸፈነ ነገር ይዛ ገባች። እንግዳ መኖሩን አላየችም፤ በቀጥታ ወደ እህቴ ሄዳ ጎንበስ ብላ፣ ሁላችንም በሰማነው ሹክሹክታ፣

"የአጥሚት እህል ፈጭቼልሻለሁ። ለሁለት መብላት ያለብሽ አሁን ነው፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም" አለቻት።

እንግዳችን ስኒያቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ከእህቴ ፊት ወደ ሆዷ ወርዶ እዚያው ቆየ። ጎረቤታችን ቀና ብላ እሳቸውን ስታይ እህሉ ያለበትን ዕቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እህቴ ደግሞ ያላሰበችውን ተናገረች።

"ዱባ ነው" አለች።

እንግዳችን፣ "ምኑ?" አሉ።

"ያጠብኩት። ልጅ አይደለም፣ ዱባ ነው።"

ይህ መልስ ነገሩን እንዳላሻሻለው ከእንግዳችን ፊት መረዳት ይቻል ነበር። እኔ ሳቄን ለመያዝ ጥርሴን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ። ያዳነን አባቴ ነው። ተነሥቶ የድሮ ካፖርቱን ለበሰና እንደ ፋብሪካ ጎብኚ እንዲከተሉት ጠየቃቸው። ከቡፌው ጀምሮ፣ በወጥ ቤቱ አሳልፎ፣ ከመስቀል ወደ መስቀል እያዞረ ለምን እንደተሠራ፣ ስንት ቁጥር እንደወደቀ፣ ቆጠራው ለምን እንዳልበቃና ዱባው ለምን እንደታጠበ በሙሉ ቁም ነገር አስረዳቸው። እንግዳችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይከተላሉ። ታንከሩ ጋ ቆመው፣

"ከሠላሳ ወደ ሃምሳ ስምንት? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ደግማችሁ አረጋግጣችኋል?" ብለው ጠየቁ።

"ሦስት ጊዜ ደግመናል ዳይሬክተር" አለ አባቴ።

ሰርቪሷ ውስጥ ሰያፍ የተኛውን አልጋ ሲያዩ በዓይናቸው ከመስኮቱ እስከ በሩ ጥግ ተከተሉት። ከዚያ ጫፉ ላይ ተቀመጡና መሳቅ ጀመሩ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሳቸው ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለውም፣ እንባቸው ይወርዳል። በር ላይ የቆመችው ጎረቤታችን ተከትላ ሳቀች። ቀጥሎ እናቴ። እህቴ ግን አለቀሰች፤ እንግዳችን ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧትና በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት።

ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችንም አልጋውን ከበብነው። ጎረቤታችንም አልሄደችም። ተደወለ። ልጃቸው ታየች፣ ሕፃኑም ታየ፣ ገንዳው ውስጥ ሊገባ ሲል ምስሉ ቆመ። ሁላችንም አባቴን አየነው። አባቴ የኛን ስልክ አየ፣ ራውተሩ ጋ ሮጦ መብራቶቹን አየ፣ ሰርቪስ ተመልሶ እኔን ሳሎን ልኮ አስቆጠረኝ። መቶውም ደረሰው።

"ዳይሬክተር፣ ከኛ በኩል ምንም አልጎደለም" አለ። "የተበጠሰው ስዊድን ነው።"

ስዊድን እንደሚበጠስ ያሰበ ሰው አልነበረም። መልሰን ስንደውል ልጅቷ ምስሉ ሁልጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደሚያስቸግራት፣ እናቷን ላለማስጨነቅ ችግሩ ከባሕር ዳር ነው ብላ እንዳለፈችው ነገረችን። እንግዳችን እስከዚያን ቀን ድረስ የራሳቸውን ቤት ሲወቅሱ ኖረዋል። አባቴ ስልኩን ተቀበለ። ጠመኔ ባይኖራት ወረቀት እንድትለጥፍ ነግሯት፣ ራውተሩ ካለበት ክፍል ጀምራ እየቆጠረች እንድትራመድ አዘዛት። ልጅቷ ሕፃኑን አዝላ፣ በአማርኛ ከአንድ ጀምራ እየቆጠረች ቤቷን ዞረች። እኛ ስድስት ሰዎች አንድ አልጋ ላይ ተደርድረን ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። ኮሪደሩ ጥሩ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አራት ወደቀ። መስታወቱ ጋ አሥራ ሁለት።

"ተመለሺ ልጄ" አለ አባቴ። "ወጥ ቤት ግቢ።"

ወጥ ቤቱ ሙሉ ነበር። ሕፃኑ የዚያን ዕለት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በትልቅ ሳፋ ውስጥ ታጠበ። ጥርስ ያላበቀለ ድዱ ሳይቀር ይታያል። እንግዳችን ማዘዝ ረስተው ዝም ብለው አዩት። እናቴና ጎረቤታችን ግን አልረሱም፤ ሁለቱ እየተሻሙ ስለ አንገትና ስለ ጆሮ ሲያዙ፣ ስዊድን ያለችው ልጅ ማንነታቸውን ሳትጠይቅ እሺ እሺ ትላለች።

እንግዳችን አራት ቀን ያሉት ስድስት ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ ለእህቴ ብቻዋን አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷ ናት በኋላ ያወራችልኝ። የመጡት ሠርጉን ለማዘግየት ነበር። ልጁ ገና ነው፣ ቤተሰቡንም አላውቅም ብለው፣ አንድ የሚነቀፍ ነገር ካገኙ ምክንያት ሊያደርጉት አስበው ነበር። "ለኔ የልጅ ልጅ ብሎ ይህን ሁሉ የደከመ ቤት ውስጥ ምን ልፈልግ?" አሏት። እህቴ ይህን ስትነግረኝ እንደገና አለቀሰች።

የሄዱ ቀን እኔና አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ አባቴ ለሠርጉ ጫማ እንደሚያስፈልገው ትዝ አለው፤ ሳሪስ እንሂድ ተባባልን። የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ ቆይቷል፤ አባቴ ግን ገብቶበት አያውቅም ነበር። የሚሄድበት የለውማ። ከቃሊቲ ተሳፈርን። ከመነሻው ስለነበር ቦታ አገኘን። መስኮት ጋ ተቀምጦ የሚያውቃቸውን መጋዘኖች ከከፍታ እያየ፣ የቱ የማን እንደነበር ሲነግረኝ ቆየ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ዞር ብዬ ሳየው እንቅልፍ ወስዶታል፤ ጠመኔዋን ካወጣ ወዲህ ቀን ሲተኛ ሳየው የመጀመሪያው ነበር። ሳሪስ ደረስን፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ። ልቀሰቅሰው እጄን አንሥቼ ተውኩት። ባቡሩ ከእኛ ጋር ወደ መሐል ከተማ ቀጠለ።